ባሕር ሳያዩ የባሕርን ውኃ መደርደር፦ ለኦሽኖግራፊ መግቢያ ኮርስ ተማሪዎች የእፍግታ ሙከራ ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍሁት የኦሽኖግራፊን (የውቅያኖስ ጥናትን) መግቢያ ኮርስ የሚወስዱ የሰሜን ሸዋ ተማሪዎች በአንድ ምዕራፍ ላይ ደጋግመው ሲሰናከሉ ስላየሁ ነው። ምዕራፉ ሙቀትና ጨዋማነት ተጣምረው የባሕርን ውኃ እፍግታ እንዴት እንደሚወስኑ የሚያስረዳው ነው። ተማሪው «ቀዝቃዛ ውኃ ይሰምጣል፤ ጨዋማ ውኃም ይሰምጣል» ብሎ በትክክል ይጽፋል። ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ከቀዝቃዛና ጨው አልባ ውኃ ጋር ሲገናኝ የትኛው ከታች እንደሚሆን ሲጠየቅ ግን ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል። ሙከራውን በቤቱ የጀመረውም ቢሆን ውኃው ሁሉ አንድ ቀለም ሆኖበት «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ሙከራው ግን ይሠራል። የሚያበላሹት ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፦ የጨው አመዛዘን ስሕተት፣ በውኃዎቹ መካከል ያልታሰበ የሙቀት ልዩነት፣ የአፈሳሰስ ችኮላ፣ እንዲሁም የመማሪያ መጽሐፉ በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ቤተ ሙከራ የተጻፈ መሆኑን መዘንጋት። እፍግታ ማለት የተወሰነ መጠን ያለው ውኃ የሚመዝነው ክብደት ነው፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት የእፍግታ ቁጥሮች ሁሉ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን የሚገልጹ ናቸው። ሁለት ቀን መድቡ፤ የመጀመሪያው ቀን ለዝግጅት፣ ሁለተኛው ለሙከራው ነው። በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ 5 ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን በዋዜማው አዘጋጁ

የሚከተሉትን ሰብስቡ።

• 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን።
• በደንብ የደረቀ ደቃቅ የገበታ ጨው፣ 150 ግራም ያህል።
• ፈልቶ የቀዘቀዘ 7 ሊትር ውኃ።
• ከ1 ሊትር በላይ የሚይዙ ሁለት አፈ ሰፊ የብርጭቆ ብልቃጦች፤ የማር ብልቃጥ ይበቃል።
• ጠባብ አፍ ያለው አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ።
• ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ፣ ፍሰቱን ከሚቆጣጠረው ተሽከርካሪ መዝጊያው ጋር።
• አንድ ትልቅ ስሪንጅ፣ መርፌው የተነቀለ።
• ከ0 በታች ጀምሮ እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ የአልኮል ቴርሞሜትር። የሜርኩሪውን አትጠቀሙ፤ ቢሰበር ትነቱ መርዝ ነው።
• ለቀለም የቀይ ሥር ጭማቂና ሰማያዊ የብዕር ቀለም።

ውኃውን የምታፈሉት ለንጽሕናው ብቻ አይደለም። ከቧንቧ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ አየር አዝሏል፤ ወደ ቤት ገብቶ ሲሞቅ አየሩ በጥቃቅን አረፋ መልክ እየወጣ በብልቃጡና በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አረፋው ክብደት በምትለኩበት ጊዜ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ውኃ በምትደረድሩበት ጊዜ ደግሞ ወደ ላይ ሲነሣ የታችኛውን ውኃ ጎትቶ ያደባልቃል። ስለዚህ አፍልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሙከራው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አሳድሩት። አንድ ሊትሩን ብቻ ለይታችሁ ሌሊቱን ደጅ አሳድሩ፤ ለደረጃ 6 ቀዝቃዛ ሆኖ ያስፈልጋችኋል።

ጨውን በተመለከተ ተማሪዎች የሚጨነቁበትና ሊጨነቁበት የሚገባው ነገር አይገናኙም። አዮዲን መኖሩ አያሳስባችሁ፤ መጠኑ ከምትመዝኑት ጨው አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። የሚያሳስበው እርጥበቱ ነው። በክረምት ከረጢቱ ተከፍቶ የቆየ ጨው ውኃ ስለሚስብ 40 ግራም ብላችሁ የመዘናችሁት ጨው ከፊሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል እያገላበጣችሁ አድርቁት፤ ከመመዘናችሁ በፊትም አቀዝቅዙት። ከአፋር በአሞሌ መልክ የሚመጣውን ጨው ለዚህ ሙከራ አትምረጡ፤ የማይሟሟ አፈር ስላለበት በነጠላ ብታጠሉት እንኳ ምን ያህል ጨው እንደቀረ አታውቁም።

የቀይ ሥር ጭማቂ ራሱ ስኳር ስላለው እፍግታ ይጨምራል። ለአንድ ሊትር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፉ። እርድ አትጠቀሙ፤ አይሟሟም፣ ዱቄቱ ብቻውን ስለሚዘቅጥም ውኃው የሰመጠ ያስመስላል።

ደረጃ 2፦ ቴርሞሜትሩን ፈትኑ

1. በረዶ ፈጭታችሁ በብርጭቆ ሙሉ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘው ውኃ ክፍተቱን ሙሉት።
2. ቴርሞሜትሩን መሀሉ ላይ አስገቡ፤ እያማሰላችሁ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።
3. ንባቡን ጻፉ። 0 መሆን አለበት። 1 ዲግሪ ካሳየ ከዚህ በኋላ ከምታነቡት ቁጥር ሁሉ 1 ቀንሱ።

በረዶው ውስጥ ጨው እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ጨው የነካ በረዶ ከ0 በታች ብዙ ዲግሪ ስለሚወርድ ደኅናውን ቴርሞሜትር የተበላሸ ያስመስለዋል።

ሁለተኛው ፈተና በፈላ ውኃ የሚደረገው ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ 100 ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃም በ90 እና በ91 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት የመንዝ ከፍታዎች 90 ገደማ፣ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትሞክሩት ደግሞ ወደ 96 የቀረበ ንባብ ታገኛላችሁ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። ቴርሞሜትሩ «10 ዲግሪ ያጎድላል» ብላችሁ ማስተካከያ ከጨመራችሁ የቀረው ሥራችሁ ሁሉ ይበላሻል። አንድ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ከሠራ በኋላ ሙሉ ዘገባውን እንደገና ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ስሕተቱ ከመጀመሪያው ገጽ የጀመረ ስለነበር በኋላ የሚታረም አልነበረም።

ደረጃ 3፦ ጨዋማ ውኃዎቹን በክብደት አዘጋጁ

የውቅያኖስ ውኃ አማካይ ጨዋማነት በኪሎ 35 ግራም ያህል ነው። «በኪሎ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ አንድ ኪሎ የባሕር ውኃ ውስጥ፣ ጨውና ውኃ አንድ ላይ ተመዝነው፣ 35 ግራሙ ጨው ነው ማለት ነው። ስለዚህ 35 ግራም ጨው በ965 ግራም ውኃ ይሟሟል። 35 ግራም ጨው በአንድ ሊትር ውኃ ላይ የጨመረ ሰው ያገኘው ጨዋማነት 34 እንኳ አይሞላም፤ በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስቀንሰው ይኸው ነው።

1 ግራም በሚለይ ሚዛን 10 ግራም ጨው ስትመዝኑ የሚፈጠረው ስሕተት ከአሥር እጅ አንድ ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንንሹን ጨው ለየብቻ አትመዝኑ። አንድ ጠንካራ ውኃ አዘጋጁና እሱን አቅጥኑ።

1. ባዶውን ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፤ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ።
2. 2,880 ግራም ውኃ መዝኑ፤ ሚዛናችሁ ይህን ያህል የማይችል ከሆነ በሦስት እኩል ጊዜ ከፍላችሁ መዝኑ።
3. 120 ግራም ጨው ጨምሩ፤ ከሥሩ አንድም ፍሬ እስካይቀር ድረስ በማንኪያ አማስሉ። አሁን ጨዋማነቱ 40 የሆነ 3 ኪሎ ውኃ አላችሁ።
4. ለ35፦ ከጠንካራው 875 ግራም ወስዳችሁ 125 ግራም ንጹሕ ውኃ ጨምሩ።
5. ለ20፦ 500 ግራም ከጠንካራው፣ 500 ግራም ንጹሕ ውኃ።
6. ለ10፦ 250 ግራም ከጠንካራው፣ 750 ግራም ንጹሕ ውኃ።
7. በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥሩን ወዲያውኑ ጻፉ። ምልክት ያልተደረገበት ጨዋማ ውኃ ከንጹሑ በዓይን አይለይም፤ በምላስ መለየትም ልኬት አይደለም።

ጨው ቶሎ እንዲሟሟ ብላችሁ ውኃውን ካሞቃችሁ ሙከራውን አትቀጥሉ፤ ከድናችሁ ከሌሎቹ ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ድረስ አቆዩት። ሳትከድኑ ካቆያችሁት ይተናል፤ ጨዋማነቱም ከጻፋችሁት በላይ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ እፍግታውን ለኩ

በውኃ ላይ ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ ስትሮ ሠርታችሁ እፍግታውን በስትሮው ስምጠት ለመለካት አትሞክሩ። 10 ሳንቲ ሜትሩ የሰመጠ ስትሮ በባሕር ውኃ ውስጥ ከፍ የሚለው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ይህን በዓይን ለይቶ ማንበብ ለጀማሪ ይከብዳል። በጠርሙስ መዝኑ።

1. ጠባብ አፍ ያለውን ጠርሙስ ውስጡንም ውጭውንም አድርቁና መዝኑ።
2. በንጹሕ ውኃ እስከ ከንፈሩ ሙሉት፤ ውጭውን በጨርቅ ጥረጉ፤ መዝኑ።
3. ድፉት፤ ከ35ቱ ውኃ በትንሹ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፤ ከዚያም በ35ቱ ውኃ እስከ ከንፈሩ ሙሉትና መዝኑ።
4. ከሁለቱም ላይ የባዶውን ጠርሙስ ክብደት ቀንሱ። የጨዋማውን ለንጹሑ አካፍሉ፤ ውጤቱን በ999 አባዙ።

የማካፈሉ ውጤት 1.025 ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ይህም አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ላይ 25 ግራም፣ በሦስት ሩብ ሊትር ጠርሙስ ላይ 19 ግራም ልዩነት ማለት ነው። ልዩነቱ በግልጽ ካነሰ ጨዉ እርጥብ ነበረ፣ ወይም አልሟሟም፣ ወይም አረፋ አለ። ከበዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያልተጠረገ የጠርሙስ ውጭ ወይም ዜሮ ያልተደረገ ሚዛን ነው። የፕላስቲክ ሃይላንድ ለዚህ ደረጃ አይሆንም፤ በእጅ ሲጨበጥ ይጨመቃል፣ የሚይዘው መጠንም ይለዋወጣል።

ቁጥራችሁ መጽሐፉ ለ35 ከሚሰጠው በትንሹ ቢያንስ አትደንግጡ። በ20 ዲግሪ የእውነተኛው ባሕር ውኃ 1,024.8 ሲሆን የገበታ ጨው የሚሰጠው 1,023 ገደማ ነው። የባሕር ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ አይደለም፤ እነሱ ከክብደቱ 85 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ፤ የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ይህን ልዩነት በዘገባው ውስጥ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ፤ ሥራውን በእጁ የሠራና ከመጽሐፍ የገለበጠ ተማሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስቱን ውኃ ደርድሩ

ከመጀመራችሁ በፊት 0፣ 20፣ 35 እና 40 ጨዋማነት ያላቸውን ውኃዎች ሙቀት ለኩ። ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ አቁሙና ጠብቁ። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ ከመስኮት ፀሐይም ከምድጃም የራቀ ይሁን፤ በአንድ ወገን የሞቀ ብልቃጥ ውስጡ ያለው ውኃ በራሱ ይዞራል።

1. ለ20ው ውኃ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ለ35ቱ ሰማያዊ ቀለም ጨምሩ። 0ውንና 40ውን ሳይቀለሙ ተዉአቸው።
2. ብልቃጡን እስከ ሲሶው በንጹሕ ውኃ ሙሉ። ቀላሉ ውኃ ይቀድማል፤ ከባዱ ከሥሩ ይገባል። ከባዱን አስቀድሞ ቀላሉን ከላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ነገር ግን ለጀማሪ እጅ አይመችም።
3. የግሉኮስ ቱቦውን አንድ ጫፍ በ20ው ዕቃ ውስጥ አስገቡ፤ ዕቃውን ከብልቃጡ ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በሌላው ጫፍ ስሪንጁን ሰክታችሁ ሳቡ፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከሞላ በኋላ መዝጊያውን ዝጉ።
4. ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። አንዲት አረፋ እንኳ ካለች እንደገና ሙሉት።
5. ጫፉን እስከ ብልቃጡ ወለል አውርዱ፤ በግድግዳው ላይ በፕላስተር አስይዙት። መዝጊያውን በጥቂቱ ክፈቱ። ሲሶውን ብልቃጥ ለመሙላት አሥር ደቂቃ ይፍጅ።
6. ዝጉ። የላይኛውን ጫፍ ወደ 40ው ዕቃ አዛውሩ፤ በምታዛውሩበት ጊዜ አየር እንዳይገባ ጫፉን በጣት ክደኑ። እንደገና በዝግታ ክፈቱ። ቀዩ ውኃ ሳይደፈርስ ወደ ላይ ሲነሣ ታያላችሁ።
7. ቱቦውን ዘግታችሁ ሳትጣደፉ አውጡ።

አሁን ቀይ መቀነት የታጠቀ ብልቃጥ አላችሁ። የንብርብሮቹ ድንበር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ደብዘዝ ማለቱ የተለመደ ነው። ከነካካችሁት ይብሳል፤ ከተዋችሁትና ከከደናችሁት ግን ድንበሩ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ እየሰፋ ይቆያል። ውኃው ሁሉ ፈዛዛ ቀይ ሆኖ ከተደባለቀ ለማዳን አትሞክሩ፤ ድፉትና ከ1 ጀምሩ። የከፈታችሁት መጠን በዝቶ ነበር፣ ወይም አረፋ ገብቶ ነበር።

ንብርብሩ ለምን ጸንቶ እንደሚቆም ለማስረዳት ከሩቅ ምሳሌ አትፈልጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ረባዳውን ማሳ እንጂ ጉብታውን እንዳልሆነ የደጋ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ በሌሊት እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይፈስና እዚያው ይተኛል፤ ነፋስ ካላወከው ፀሐይ እስክትሞቅ አይነሣም። የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው።

አሁን ዋናውን ክፍል ሥሩ። ከሰማያዊው የ35 ውኃ 10 ሚሊ ሊትር በስሪንጅና በአጭር ቱቦ ቀዩ ንብርብር መሀል ላይ በጣም በዝግታ ልቀቁ። ይወርዳል፤ ነገር ግን እስከ ወለሉ አይደርስም። ከ20ው ስለሚከብድ፣ ከ40ው ስለሚቀል፣ በሁለቱ ድንበር ላይ ቆሞ እንደ ምንጣፍ ወደ ጎን ይዘረጋል። ከቀይ ባሕር የሚወጣው ውኃ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀይ ባሕር በዓመት 2 ሜትር ያህል ውኃ በትነት ያጣል፤ የሚገባበት ትልቅ ወንዝም የለም። ስለዚህ በሰሜኑ ክፍል ጨዋማነቱ 40 ይደርሳል፤ 22 ዲግሪ ያህል ሞቃት ሆኖ ሳለ እፍግታው ወደ 1,028 ይጠጋል። ይህ ውኃ ከባብ ኤል መንደብ በታችኛው በኩል ሾልኮ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ በዚያው ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው ቀለል ያለ ውኃ በላይኛው በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። የሚወጣው ውኃ በመንገዱ ላይ ከቀላሉ ጋር ስለሚደባለቅ እፍግታው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከወለሉ ሳይደርስ፣ ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ጥልቀት አካባቢ ይዘረጋል። ፈተና ላይ «ለምን ወለሉ ላይ አይተኛም?» ሲባል ብዙዎች «ሞቃት ስለሆነ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ መደባለቁ ነው።

ደረጃ 6፦ ጨዋማውን ውኃ በንጹሑ ላይ አንሳፍፉ

ይህ ደረጃ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ነው፤ ከሁሉ የበለጠም የሚከሽፈው እሱ ነው። ዓላማው ሙቀት ጨዋማነትን ለጊዜው ሲያሸንፍ ማየት ነው።

1. ሌሊቱን ደጅ ያደረውን ንጹሕ ውኃ በሁለተኛው ብልቃጥ እስከ ግማሹ ሙሉ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ገደማ ይሁን። በረዶ የሠራበት ከሆነ በረዶውን አውጡና ውኃው መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ጠብቁ።
2. ከ10ሩ ጨዋማ ውኃ 300 ግራም ለይታችሁ በሰማያዊ ቀለም አድምቁ፤ ከዚያም 55 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁ።
3. ብልቃጡ ውስጥ ባለው ውኃ ላይ ቀጭን የስፖንጅ ቁራጭ አንሳፍፉ።
4. ሙቁን ውኃ በማንኪያ እየቀዳችሁ በስፖንጁ ላይ አንጠባጥቡ። እጃችሁ ከውኃው ገጽ ከሁለት ጣት በላይ ከፍ አይበል።
5. ሦስት ጣት ያህል ሰማያዊ ንብርብር ሲኖራችሁ አቁሙ። ስፖንጁን አታውጡ፤ ማውጣቱ ያደፈርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በደብረ ብርሃን ማለዳ ደጅ ያደረ ብርጭቆ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ካፈሰሳችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ወፍራሙ ብርጭቆ ከስሱ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል። ብልቃጡን በሰፊ ሳሕን ውስጥ አስቀምጣችሁ ሥሩ።

ሰማያዊው ወዲያውኑ ከሰመጠ ውኃው ቀዝቅዟል ማለት ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ ንጹሕ ውኃ በ10 ዲግሪ 999.7 ነው። በ50 ዲግሪ ንጹሕ ውኃ 988 ሲሆን 10ሩ ጨው 7 ያህል ጨምሮ ወደ 995 ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። በ35 ዲግሪ ግን 994 ሲደመር 7፣ 1,001 ይሆናል፤ ይሰምጣል። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ሙቅ ውኃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከ45 በታች ከወረደ አቁማችሁ እንደገና አሙቁት። በ40ው ወይም በ35ቱ ውኃ ይህን ደረጃ አትሞክሩ፤ በ60 ዲግሪ እንኳ አይንሳፈፉም።

ንብርብሩ ከቆመ በኋላ ከብልቃጡ ጀርባ ነጭ ወረቀት አቁሙ፤ ከጎን በስልክ መብራት አብሩበት። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከድንበሩ ላይ እንደ ድር የቀጠኑ ሰማያዊ ክሮች ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። ተማሪው «ተበላሸ» ብሎ ውኃውን የሚደፋው ይህን ጊዜ ነው። አትድፉት፤ አልተበላሸም። ክሮቹን በባለሙያዎች አነጋገር የጨው ጣቶች ይሏቸዋል፤ በእውነተኛው ውቅያኖስ ውስጥም ሞቃትና ጨዋማ ውኃ በቀዝቃዛና ጨዋማነቱ ባነሰ ውኃ ላይ በተኛበት ስፍራ ይታያሉ። ምክንያቱ ሙቀት በውኃ ውስጥ ከጨው ይልቅ 100 ጊዜ ያህል ፈጥኖ መተላለፉ ነው። ከላይ የወረደች ጥቂት ውኃ ሙቀቷን ለጎረቤቷ በቶሎ ትሰጣለች፤ ጨዋን ግን ይዛ ትቀራለች። ቀዝቅዛም ጨዋማ ሆና ከቀረች ከዙሪያዋ ትከብዳለች፤ ትወርዳለች። የክሮቹን ርዝመት በየሁለት ደቂቃው በማስመሪያ ለኩና ጻፉ።

ቴርሞሜትሩን በዚህ ጊዜ ብልቃጡ ውስጥ አትክተቱ። ክሮቹ ካልታዩ ቀለሙ ሳስቶ ይሆናል፤ ወይም በሚፈስበት ጊዜ ድንበሩ ከሁለት ጣት በላይ ተደባልቆ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የሙቀትና የጨዋማነት ሥዕሉን ሥሩ

በካሬ ወረቀት ላይ አግድሙን መሥመር ለጨዋማነት፣ ከ34 እስከ 41፤ ቋሚውን ለሙቀት፣ ከ0 እስከ 30 አድርጉ። ጨዋማነቱ 35 የሆነ የባሕር ውኃ በገጽ ግፊት ያለውን እፍግታ ከዚህ ውሰዱ፦

• በ25 ዲግሪ 1,023.3
• በ20 ዲግሪ 1,024.8
• በ15 ዲግሪ 1,026.0
• በ10 ዲግሪ 1,027.0
• በ5 ዲግሪ 1,027.7
• በ0 ዲግሪ 1,028.1

ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ጨዋማነት 0.77 ያህል ደምሩ። እኩል እፍግታ ያላቸውን ነጥቦች ስታያይዙ መሥመሩ ይጎብጣል፤ በማስመሪያ ቀጥ አታድርጉት። መጉበጡ ራሱ ትርጉም አለው። ከ25 ወደ 20 ሲወርድ እፍግታው 1.5 ይጨምራል፤ ከ5 ወደ 0 ሲወርድ ግን 0.4 ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ማን እንደሚሰምጥ የሚወስነው በአብዛኛው ጨዋማነት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ውኃ በ4 ዲግሪ ከሁሉ ይከብዳል» የሚለው ለንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ጨዋማነቱ ከ24.7 በላይ የሆነ ውኃ እስኪረጋ (በረዶ እስኪሆን) ድረስ መክበዱን ይቀጥላል፤ 35 የሆነውም የሚረጋው በ0 ሳይሆን ከ0 በታች 1.9 ዲግሪ ላይ ነው። ከላይ ያለውን ዝርዝር እዩት፤ ቁጥሩ በ5 ላይ አይመለስም።

በመጨረሻም የራሳችሁን ውኃዎች ነጥብ አድርጋችሁ አስገቡ፤ 22 ዲግሪና 40 ጨዋማነት ያለውን የቀይ ባሕር ውኃም ጨምሩ። የ10ሩና የ20ው ውኃ ከሥዕሉ ውጭ ስለሚውሉ በጎን አስፍሯቸው።

ደረጃ 8፦ ዘገባውን ጻፉና ዕቃውን አንሡ

ከቁጥሮቹ ሁሉ ጋር ያላችሁበትን ከፍታ፣ የክፍሉን ሙቀትና የቴርሞሜትሩን ማስተካከያ መዝግቡ። ጨዋማነትን «በኪሎ ይህን ያህል ግራም» ብላችሁ መግለጻችሁ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም የመዘናችሁት ክብደት ነው። የዘመኑ መሣሪያዎች ግን ጨዋማነትን የሚያሰሉት ውኃው ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍበት መጠን ስለሆነ ቁጥሩ ያለ መለኪያ ስም ይጻፋል፤ በመጽሐፉ ላይ «35» ብቻ ተጽፎ ብታዩ የጎደለ ነገር የለም። ሚዛናችሁ 1 ግራም የሚለይ ከሆነ እፍግታውን እስከ ሦስት አሥርዮሽ አትጻፉ። የከሸፈ ሙከራ ካለ አትሰርዙት፤ በምን ምክንያት እንደከሸፈ ከቁጥሩ ጋር አስፍሩት።

የቀረውን ጨዋማ ውኃ ጓሮ ውስጥ ጎመን ወይም ጌሾ ሥር አትድፉ፤ አፈሩን ያበላሻል። በሰፊ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ በበጋ ፀሐይ አድርቁት። ያልተቀለመውን 40 ብቻ ለይታችሁ ካደረቃችሁት ትሪውን አስቀድማችሁ መዝኑ፤ ከደረቀ በኋላ በአንድ ኪሎ 40 ግራም ጨው ማግኘት አለባችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ገና አልደረቀም፤ አንድ ቀን ጨምሩለት።